የአገር ስሜት ሲለወጥ ቀድሞ የሚታየው የት ነው? የዕለት ተዕለት ምልክቶችን ስለ መመዝገብ

ማለዳ_ታዛቢ (ክሩን የከፈተ)፦

«የሕዝቡ ልብ ሸፍቷል» ማለት ቀላል ነው፤ ማስረዳቱ ግን ከባድ ነው። ብዙ ጊዜ ማስረጃ ተብሎ የሚቀርበው ተሳፋሪዎች መንገድ ላይ ያወሩት ነገር ወይም ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ ነው። ሁለቱንም ከሦስት ወር በፊት ከነበረው ጋር ማነጻጸር አይቻልም፤ ያኔ የመዘገበ የለምና። በዚህ ክር እንድንነጋገርበት የምፈልገው ማንም ሰው በደብተርና በእርሳስ ሊይዛቸው ስለሚችል፣ ከሳምንት ሳምንት ስለሚቆጠሩ ምልክቶች ነው።

አንድ መነሻ ላስቀምጥ። ስሜት ተለወጠ ስንል ሁለት ነገሮችን እናደባልቃለን። አንደኛው የሰዉ አመለካከት መለወጡ ነው። ሁለተኛው አመለካከቱ ድሮም የነበረ ሆኖ፣ አደባባይ ማውጣቱ የሚያስከፍለው ዋጋ መቅለሉ ነው። ቲሙር ኩራን የተባለው የኢኮኖሚ ምሁር የ1989ኙን (በዚህ ክር ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የምሥራቅ አውሮፓ ለውጥ ያስረዳው በዚህ ነው፦ ሰው የውስጡን ደብቆ ከአንገት በላይ ሲያጨበጭብ፣ አጠገቡ ያለውም እንደዚያው መሆኑን አያውቅም። እያንዳንዱ ሰው የሚደፍርበት የራሱ ወሰን አለው፤ አንዱ አሥር ሰው ሲወጣ ይወጣል፣ ሌላው አሥር ሺህ ሲወጣ። ጥቂቶቹ ሲደፍሩ የቀጣዮቹ ወሰን ይሞላል፣ እነሱ ሲጨመሩ ደግሞ የሚከተሉት። ስለዚህ ለውጡ ከመምጣቱ በፊት የማይታሰብ፣ ከመጣ በኋላ ግን የማይቀር የነበረ ይመስላል።

እኔ የማምነው ተራ ሰው በዓይኑ ሊከታተለው የሚችለው በዋናነት ሁለተኛውን፣ የድፍረቱን ዋጋ መሆኑን ነው። የሰው ልብ ውስጥ ያለውን ማየት አንችልም። ሰዉ ምን ማድረግ እንዳቆመና ምን ማድረግ እንዳላስፈራው ግን መቁጠር ይቻላል።

የቆጠራ_ሰው፦

እኔ ከአካፋዩ ልጀምር፤ አብዛኛው ግምት የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። «ስድስት ሱቆች የመሪውን ፎቶ አውርደዋል» ማለት ለብቻው ምንም አይነግረንም። ከስንት ሱቅ? ባለፈው ወርስ ስንቶቹ ሰቅለው ነበር?

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ቋሚ መስመር ይመረጥና ለመንገድ ክፍት የሆኑ 40 ያህል ሱቆች ተራ ቁጥር ይሰጣቸው። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሁልጊዜ በዚያው ቀንና ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ ቁጥር ከአራት መልስ አንዱ ይጻፍ፦ አለ፣ የለም፣ ዝግ ነው፣ ደብዝዞ አልተተካም። «ዝግ ነው» እና «የለም» ካልተለዩ የበዓል ሳምንት የለውጥ ሳምንት መስሎ ይወጣል። አራተኛው መልስ ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ይናገራል። ፎቶ ማውረድ ድርጊት ነው፤ ሊያስጠይቅ ይችላል። ፀሐይ ያጠፋውን ፎቶ በአዲስ አለመተካት ግን ማንንም አያስጠይቅም። የመጀመሪያው መላላት የሚታየው እዚህ ነው።

ምንም ትርጉም ሳይሰጥ ቢያንስ 8 ሳምንት መነሻ ልኬት ይያዝ። ከዚያ በኋላ ጠቅላላ ድምሩን ሳይሆን አቋማቸውን የቀየሩትን ሱቆች ብቻ እዩ። ከ40ው ውስጥ 8ቱ አውርደው 2ቱ አዲስ ከሰቀሉ ትልቅ ለውጥ ይመስላል፤ ሆኖም 10 ለውጦች በዕድል ብቻ እንዲህ ወይም ከዚህ በባሰ ወደ አንድ ወገን የማጋደላቸው ዕድል 11 በመቶ ያህል ነው። 10 አውርደው 2 ከሰቀሉ ወደ 4 በመቶ ይወርዳል፤ ያኔ ነገሩን በቁም ነገር መያዝ ይገባል። ይህ ስሌት ግን ሱቆቹ እያንዳንዳቸው በራሳቸው እንደወሰኑ አድርጎ ነው የሚያስበው። አንድ ባለሕንፃ ወይም አንድ ማኅበር አዞ በአንድ ቀን 12 ሱቅ ቢያወርድ፣ የተቆጠረው 12 ውሳኔ ሳይሆን አንድ ነው።

ጠርዝ_ላይ፦

ግድግዳንም ጨምሩ። ብዙ ሰው የሚቆጥረው ስንት የተቃውሞ ጽሑፍ እንደተጻፈ ነው። ያ ቁጥር ደካማ ነው፤ አንድ ቀለም የያዘ ወጣት በአንድ ሌሊት ሃያ ግድግዳ ሊሞላ ይችላል። የሚሻለው ጽሑፉ ሳይጠፋ የቆየበት ጊዜ ነው። ጽሑፉ የታየበት ቀንና ጠፍቶ የተገኘበት ቀን ይመዝገብ፤ በየዕለቱ በዚያ የሚታለፍ ከሆነ ስህተቱ ከአንድ ቀን አይበልጥም። ድሮ በማግሥቱ ይጠፋ የነበረው አሁን ለሁለት ሳምንት ከቆየ፣ የተለወጠው የጻፈው ሰው ብቻ አይደለም። የግድግዳው ባለቤት አልቸኮለም፣ የአካባቢው ሹም አልተቆጣም፣ ጥበቃው አላመለከተም። የሦስት ሰዎች ዝምታ በአንድ ቁጥር ተያዘ ማለት ነው።

ሁለት ማሳሳቻዎች አሉ። የጽዳት በጀት ሲያልቅ ሁሉም ጽሑፍ ይቆያል። ስለዚህ ለማነጻጸሪያ ፖለቲካ የሌለባቸው ጽሑፎችም፣ የፍቅር ስምም ይሁን የኳስ ቡድን፣ ስንት ቀን እንደሚቆዩ አብሮ ይመዝገብ። የፖለቲካው ዕድሜ ሲረዝም የሌላው ካልረዘመ ምልክቱ እውነተኛ ነው። ሁለተኛው፣ ወሩ ሲያልቅ ገና ያልጠፉትን ጽሑፎች ከአማካዩ ማውጣት ነው። እነሱን ማውጣት ረጅም ዕድሜ ያላቸውን መጣል ስለሆነ አማካዩን ያሳጥረዋል። ግማሾቹ የጠፉበትን ቀን፣ ማለትም መካከለኛውን ብትወስዱ ይህ ችግር አብዛኛውን ጊዜ ይወገዳል።

ድምፀ_ልስልስ፦

ከግድግዳው ይልቅ የሰዉ ጠባይ ላይ የሚታየው ይበልጥ ያሳስበኛል፤ መመዝገቡ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። በናዚ ዘመን ጀርመን ውስጥ ሰው ከመናገሩ በፊት ትከሻውን አዙሮ ማን እንዳለ የማየቱ ልማድ እጅግ ከመለመዱ የተነሣ «የጀርመን እይታ» የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። ይህ ልማድ ሲመጣም ሲጠፋም ይታያል። በሕዝብ መቀመጫ አካባቢ ቁጭ ብሎ ፖለቲካ ነክ ንግግር ሲነሣ ሦስት ነገር ማስተዋል ይቻላል፦ ተናጋሪው ድምፁን ቀነሰ ወይ? ዞር ብሎ አየ ወይ? የማያውቀው ሰው ሲቀመጥ ርእሱን ቀየረ ወይ? ከሦስቱ የመጨረሻው ይበልጣል፤ ድምፅ መቀነስ የጨዋነት ልማድም ሊሆን ይችላልና።

ሌላው መንግሥትን የሚጠሩበት ስም ነው። «እኛ ልንሠራው ነው» ከሚለው ወደ «መንግሥት ሊሠራው ነው»፣ ከዚያም ስም ሳይጠራ ወደ «እነሱ» ሲወርድ ርቀቱ ይታያል። ይህን በመንግሥት ደጋፊዎች አንደበት ብቻ ቁጠሩት። ተቃዋሚው ድሮም «እነሱ» ነው የሚለው፤ ከእሱ አዲስ ነገር አይገኝም። ቀልድም እንዲሁ ነው። የቀልዱ መብዛት ሳይሆን ማን ፊት እንደተነገረ ይታይ፤ ዝቅተኛ ሠራተኛ አለቃው ባለበት ተናግሮ አለቃው ከሳቀ፣ በሁለቱም ወገን አንድ ነገር ላልቷል።

ነጋ_ጠባ፦

እህታችን ድምፀ_ልስልስ ባነሣሽው ላይ የመንግሥት ቢሮዎችን ልጨምር። ቀድሞ የሚላላው ጎዳናው ሳይሆን መካከለኛው ሹም ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህን የሚያስተውለው ደግሞ ጥቂት ሰው ነው። ሦስት ነገር ይታያል። አንደኛ፣ በስልክ ትዕዛዝ ይፈጸም የነበረው ሥራ «በደብዳቤ ይላክልኝ» መባል ይጀምራል። ነገ ማን እንደሚጠይቀው ያልተማመነ ሰው የሌላ ሰው ፊርማ ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ አጠራጣሪ ጉዳይ የሚወስነው ኮሚቴ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ግዴታ የሆነው ስብሰባ ላይ የሚላከው ተወካይ ደረጃው እየወረደ ይሄዳል፤ ኃላፊው ምክትሉን፣ ምክትሉ ጸሐፊውን ይልካል። የመጨረሻው በተለይ ከተሰብሳቢዎች ዝርዝር በቀጥታ ሊቆጠር ይችላል።

የዝርዝር ነገር ከተነሣ፣ በሶቪየት ኅብረት ሰኔ 1953 የምስጢር ፖሊሱ አለቃ ላቭሬንቲ ቤሪያ መውደቁን ውጭ ያሉ ታዛቢዎች የጠረጠሩት በአደባባይ ከተነገረ ነገር አልነበረም። መሪዎቹ በቦልሾይ ቲያትር ኦፔራ መመልከታቸውን የገለጸው የጋዜጣ ዘገባ ላይ የእሱ ስም አልነበረም። የታሰረው ከአንድ ቀን በፊት ነበር፤ በይፋ የተነገረው ግን በሐምሌ ነው። የመንግሥት ሚዲያ ስሞችን በምን ቅደም ተከተልና በምን ማዕረግ እንደሚጠራ በየሳምንቱ መጻፍ አሰልቺ ነው፤ ጥቅሙ ግን ይህ ነው።

ማለዳ_ታዛቢ፦

ነጋ_ጠባ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። የደብዳቤ ጥያቄው አዲስ መመሪያ ወጥቶ ቢሆንስ? ወይም የኦዲት ወቅት ቢሆን?

ነጋ_ጠባ፦

ትክክል ነው፤ ዋናው ማሳሳቻ እሱ ነው። የሚለየው ለሁሉም ጉዳይ መጠየቁና ለአንዳንዱ ብቻ መጠየቁ ነው። የኦዲት ወቅት የግዥ ወረቀትን ያጠብቃል፤ ሰው ከቤት ማፈናቀልን ወይም ፈቃድ መንጠቅን አይነካም። ፊርማ የሚጠየቀው ለክፉ ክፉው ሥራ ብቻ ከሆነ ከኦዲት ጋር አይገናኝም።

የመጠይቅ_ባለሙያ፦

እስካሁን የተነሣው ሁሉ የድፍረትን ዋጋ የሚለካ ነው። አመለካከት ራሱስ? እሱም ሰውን በቀጥታ ሳያጋልጡ የሚጠየቅበት መንገድ አለ፤ ሁለቱን ላስረዳ።

አንደኛው የዝርዝር ዘዴ ነው። መላሾች በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ። ለመጀመሪያው ቡድን አራት ተራ ዓረፍተ ነገሮች ይቀርቡለታል፤ ለሁለተኛው እነዚያው አራቱና አንድ አስፈሪ ዓረፍተ ነገር። ሁለቱም የትኞቹ እንደሚስማሟቸው ሳይሆን ስንቱ እንደሚስማሟቸው ብቻ ይናገራሉ። የመጀመሪያው ቡድን አማካይ 2.1፣ የሁለተኛው 2.4 ከሆነ፣ 30 በመቶ ያህሉ አስፈሪውን ተቀብለዋል ማለት ነው። የሚበላሸው አራቱ ተራ ዓረፍተ ነገሮች በደንብ ካልተመረጡ ነው። ሁሉም ሰው የሚስማማባቸው ከሆኑ «አምስት» ያለ ሰው ራሱን አጋለጠ፤ ስለዚህ ይዋሻል። ከአራቱ ሁለቱ እርስ በርስ የማይሄዱ ቢሆኑ ይሻላል። ሌላው ድክመቱ ብዙ ሰው መፈለጉ ነው። እያንዳንዱ ቡድን 1,000 ሰው ቢይዝ እንኳ የስህተት ህዳጉ፣ ማለትም ውጤቱ በዕድል ብቻ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊዛነፍ የሚችልበት መጠን፣ 9 ነጥብ ገደማ ይሆናል። በ200 ሰው የሚሠራ የዝርዝር ጥናት የድካም ብክነት ነው።

ሁለተኛው የሳንቲም ዘዴ ነው፤ መሠረቱን ስታንሊ ዋርነር በ1965 ያቀረበው ሐሳብ በኋላ ተሻሽሎ የመጣ ነው። መላሹ ጠያቂው ሳያየው ሳንቲም ይጥላል። አንዱ ገጽ ከወጣ «አዎ» ይላል፣ ሌላው ከወጣ እውነቱን ይመልሳል። ከጠቅላላው 62 በመቶው «አዎ» ካሉ፣ 50ው የሳንቲሙ ነው፤ የቀረው 12 በግማሹ ሰው ሲካፈል እውነተኛው 24 በመቶ ይሆናል። እንቅፋቱ እምነት ነው። ሰዉ ሳንቲሙ እንደሚጠብቀው ካላመነ፣ ገጹ ቢወጣም «አዎ» አይልም። ስሌቱ ከዜሮ በታች ከወጣ ይህ እንደተፈጠረ ያሳያል።

ለዚህ ሁሉ አቅም ለሌለው አንድ ቀላል ጥያቄ አለ። «አንተ ምን ታስባለህ?» ሳይሆን «እዚህ አካባቢ ያለው ሰው አብዛኛው ምን የሚያስብ ይመስልሃል?» ነው። ጀርመናዊቷ የሕዝብ አስተያየት ተመራማሪ ኤሊዛቤት ኖኤለ-ኖይማን በ1970ዎቹ ይህን ከሌላ ጥያቄ ጋር አጣምራ ትጠቀም ነበር፦ አምስት ሰዓት በሚፈጅ የባቡር ጉዞ ላይ ተቃራኒ ሐሳብ ያለው ሰው አጠገብህ ቢቀመጥ ከእሱ ጋር መነጋገር ትፈልጋለህ? የአንድ ወገን ደጋፊዎች ቁጥር ሳይቀንስ ለመነጋገር ፈቃደኛ የሆኑት ከቀነሱ፣ ያ ወገን ዝም ማለት ጀምሯል።

ሐቀኛ_ሚዛን፦

ሁላችሁም የጻፋችሁት ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን አንድ አደጋ አያለሁ። «ሰዉ ውስጡን ደብቆ ነው» የሚለው አባባል ማንም የፈለገውን የሚያስገባበት ጓዳ ሊሆን ይችላል። የምንመኘው ለውጥ በቁጥር ካልታየ «ተደብቋል» እንላለን። በብሪታንያ የ2015 ምርጫ ትንበያዎች ሲሳሳቱ ብዙዎች ያሉት ወግ አጥባቂ መራጮች እውነቱን ደብቀው ነው የሚል ነበር። በኋላ ጉዳዩን የመረመረው አጣሪ ቡድን ያገኘው ዋና ምክንያት ግን የናሙናው ችግር ነበር፤ የተጠየቁት ሰዎች መራጩን በትክክል አይወክሉም ነበር። ማንም አልደበቀም፤ መጠየቅ የነበረበት ሰው አልተጠየቀም።

ብዛትም አያድንም። በ1936 በአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለው መጽሔት ከ2 ሚሊዮን በላይ የተመለሱ ካርዶች ይዞ አልፍ ላንደን ያሸንፋል አለ፤ ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከ48 ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። ካርዶቹ የተላኩት በአብዛኛው ስልክና መኪና ላላቸው ሰዎች ነበር፤ መልሰው የላኩትም ለውጥ የፈለጉት በዝተው ነበር።

ለእኛ ደብተርም ያው ነው። የ40 ሱቆቹ መስመር ባለሀብት ሰፈር ውስጥ ከሆነ የምንመዘግበው የባለሀብቱን ስሜት ነው። ቢያንስ ሦስት የማይመሳሰሉ መስመሮች ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ገዥው ወገን ጠንካራ የሆነበት አካባቢ ይሁን። ተቃዋሚ በበዛበት ሰፈር የሚታይ ተቃውሞ ዜና አይደለም።

የቆጠራ_ሰው፦

ወንድም ሐቀኛ_ሚዛን፣ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። የሕዝብ አስተያየት ጥናትን ለሚከታተሉም አንድ ቁጥር ልጨምር። 1,000 ሰው የጠየቀ ጥናት የስህተት ህዳጉ ወደ 3 ነጥብ ነው። ሁለት ጥናቶችን ስናነጻጽር ግን ህዳጉ ወደ 4.4 ይሰፋል። ስለዚህ 41 የነበረው 38 ሆነ ብሎ «ድጋፉ ወረደ» የሚል ርእስ መጻፍ ትክክል አይደለም። ሦስት ተከታታይ ጥናቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ከሄዱ ወሬ ይኖራል። መታየት ያለበት ሌላው የማይጠቀስ ቁጥር «መልስ የለኝም» ያሉትና ለመጠየቅ እንቢ ያሉት ናቸው። ከሌላው ሁሉ በፊት እሱ ሊያድግ ይችላል።

ቀስ_በቀስ፦

ሰዉ በገንዘቡ የሚናገረውንም አትርሱ። በይፋዊውና በትይዩ የምንዛሪ ገበያ መካከል ያለው ልዩነት በመቶኛ በየሳምንቱ ይመዝገብ፤ ዋጋው ብቻ ሳይሆን ልዩነቱ። ባንክ ውስጥ ያለ የረጅም ጊዜ ተቀማጭ ወደ አጭር ጊዜ ሲዞር፣ ፓስፖርት ጠያቂ ሲበዛ፣ ሰው ለነገ ያለውን ግምት በእጁ እየጻፈ ነው። ሆኖም ኢኮኖሚ ብቻውን እነዚህን ሁሉ ሊያንቀሳቅስ ስለሚችል ከሌሎቹ ምልክቶች ጋር ካልሆነ ለፖለቲካ አይጠቀስም።

የኢንተርኔት ፍለጋ መጠን ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከ0 እስከ 100 የሚሰጠው ቁጥር በተመረጠው ጊዜ ውስጥ ካለው ከፍተኛው ነጥብ ጋር የተነጻጸረ ነው። አዲስ ከፍተኛ ሳምንት ሲመጣ ትናንት 70 የነበረው ሳምንት ዛሬ 35 ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ የተለወጠው ሚዛኑ እንጂ ሳምንቱ አይደለም። ስለዚህ ቁጥሮቹን በተለያየ ቀን እያወረዱ መቀጣጠል ከንቱ ነው፤ ሁልጊዜ ሙሉ ጊዜውን እንደገና ማውረድ ያስፈልጋል።

ጠርዝ_ላይ፦

መንግሥት ራሱ የሚያዘጋጀው ሰልፍ ላይ ስለሚታየውም እንነጋገር። የሰዉ ብዛት አይጠቅምም፤ በአውቶቡስ ይመጣል። መነሻ ሰዓቱ ይታይ። ስም የሚመዘገብበት ሰዓት ካለፈ በኋላ ስንቱ ቀረ? ጭብጨባው ከፊት ረድፍ ወደ ኋላ ስንት ሰከንድ ይዘልቃል? የሩማኒያው መሪ ኒኮላይ ቻውሼስኩ ታኅሣሥ 21 ቀን 1989 በቡካሬስት የጠራው ሰልፍ ሠራተኞች በትዕዛዝ የወጡበት የድጋፍ ሰልፍ ነበር። ከኋላ በተነሣ ጩኸት ንግግሩ ተቋረጠ፤ የቀጥታ ቴሌቪዥን ሥርጭቱም ለጥቂት ጊዜ ተቆረጠ። በማግሥቱ በሄሊኮፕተር ሸሸ። ሰልፉን የሰበሰበው ራሱ ስለነበር፣ ሰዉ ብቻውን አለመሆኑን ያየው በእሱ መድረክ ላይ ነው።

በተቃራኒው፣ ሰው ሳይናገር የሚያደርገው ነገር አለ። የካቲት 1982 በፖላንድ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር የሽቪድኒክ ከተማ ነዋሪዎች የምሽቱ 1፡30 የመንግሥት ዜና ሲጀምር ከቤታቸው ወጥተው በጎዳና ይንሸራሸሩ ጀመር፤ አንዳንዶች ቴሌቪዥናቸውን ወደ መስኮት አዙረው። ምንም ሕግ አልተጣሰም። አስተዳደሩ የሰዓት እላፊውን አምጥቶ ሲያጠብቀው፣ ሰዉ ደግሞ ቀደም ወዳለው ዜና አዛወረው። እንዲህ ያለ በሰዓት የተገደበ ነገር ለቆጣሪ ምቹ ነው፦ ዜናው ከመጀመሩ 10 ደቂቃ በፊትና ከጀመረ 10 ደቂቃ በኋላ በአንድ መንገድ ስንት ሰው አለፈ?

የመጠይቅ_ባለሙያ፦

ስለ መቁጠር ካነሣን ግንቦት 7 ቀን 1989 የተደረገው የምሥራቅ ጀርመን የአካባቢ ምርጫ ትልቅ ትምህርት ነው። ይፋዊው ውጤት 98.85 በመቶ ድጋፍ ነበር። ሕጉ ቆጠራው ክፍት እንዲሆን ይፈቅድ ስለነበር ዜጎች በየጣቢያው ገብተው «አይ» ያሉትን ድምፆች ቆጠሩ፤ ጣቢያዎቹን ሲደምሩም ለአካባቢው ከተነገረው በላይ «አይ» አገኙ። አዋቂነታቸው ጥቂት ጣቢያዎችን እዚህም እዚያም ከማየት ይልቅ የአንድን ወረዳ ጣቢያዎች በተቻለ መጠን ሁሉንም መሸፈናቸው ላይ ነው። ግማሹ ብቻ ቢሸፈን «ሌላው ጣቢያ አካክሶታል» የሚል መልስ ይበቃ ነበር። ከአምስት ወር በኋላ፣ ጥቅምት 9፣ ላይፕዚግ ላይ 70,000 ያህል ሰው ለተቃውሞ ወጣ።

ድምፀ_ልስልስ፦

ክሩ ከመዘጋቱ በፊት ስለ ደህንነት ልጻፍ፤ ከላይ የተባለው ሁሉ ሰው የሚያስጎዳ መረጃ ሊሆን ይችላልና። የሱቅ ቁጥርና የሱቅ ስም በአንድ ወረቀት ላይ አይጻፉ። የሰው ስም፣ ፊት፣ የድምፅ ቅጂ በፍጹም አይያዝ፤ ስልክ ፎቶው ውስጥ የተነሣበትን ቦታና ሰዓት ይጽፋል። ንግግር ሲመዘገብ ቀኑ ሳይሆን ሳምንቱ፣ ቤቱ ሳይሆን የቦታው ዓይነት ይበቃል። ለሌላ ሰው ሲሰጥ ከ5 በታች የሆነ ማንኛውም ቁጥር ከጎረቤቱ ጋር ይደመር፤ «በዚህ መንገድ 1 ሱቅ አወረደ» የሚል ሠንጠረዥ ጠቋሚ ነው። ስለ አውራጃው በጠቅላላ የሚወጣ ውጤትም ቢሆን አንድ ወር ዘግይቶ ይውጣ።

ማለዳ_ታዛቢ፦

የወር መዘግየቱን እቀበላለሁ። እንግዲህ አራት ነገሮችን ይዘን ብንጀምርስ፦ የሱቅ መስኮት፣ የግድግዳ ጽሑፍ ዕድሜ፣ የስብሰባ ተወካይ ደረጃ፣ «መልስ የለኝም» ያሉ ሰዎች ድርሻ። እያንዳንዳቸው ከተለያየ ሰው እጅ ስለሚመጡ አንድ ትዕዛዝ ሁሉንም ሊያንቀሳቅስ አይችልም። ሦስቱ በአንድ አቅጣጫ ለአራት ሳምንት ካልሄዱ ምንም አንልም። ለእያንዳንዱ ሁለት መዝጋቢ ይኑር፤ ሳይነጋገሩ ይጻፉ፣ በወሩ መጨረሻ ይተያዩ። ከ10 መዝገብ ከ2 በላይ ከተለያዩ መቁጠሩን አቁመን የመልስ ዓይነቶቹን ትርጉም እንደገና እንጽፋለን።

የቆጠራ_ሰው፦

«ደብዝዞ አልተተካም» የሚለው ላይ ነው ሁለት ሰው የሚለያየው። ወሰን አብጁለት፦ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ፊቱ የማን እንደሆነ ካልተለየ ደብዝዟል።